አማቴና ቢጫው ጃኬት

እስቲ መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገርና ቀለል ይበለኝ። እኔ ሰው ሲያወራ አቋርጣለሁ። በክፋት አይደለም። ሰውዬው ሊል ያሰበውን ከእሱ ቀድሜ የማውቀው ስለሚመስለኝ፣ እንዳይደክም ብዬ ላግዘው ነው። ባለቤቴ ሰናይት «አንተ እኮ ኑዛዜ ብትሰማ ሟቹን ታርመዋለህ» ትለኛለች። ይህንንም ስትል «ሟቹን» ላይ ስትደርስ አቋርጫት ነበር።

ጠባዬ ሥራ ቦታ ብዙም አልጎዳኝም። ለንደን ሂትሮው አየር ማረፊያ ውስጥ አውሮፕላን ላይ ምግብ ከሚጭኑት አንዱ ነኝ፤ የሞተሩ ጩኸት ማንንም ስለማያስወራ የሚቋረጥ ሰው አይገኝም። ጣጣው ያለው ቤት ነው። በተለይ ከአማቴ ከጋሽ ደምሴ ጋር።

አማቴን ያስቀየምኳቸው ገና ሳላገባ ነው። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት እንደ ደንቡ ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ደብረ ብርሃን ሄዱ፣ እኔ ለንደን ቀረሁ። እዚህ ላይ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር። ግን ምን እንደሚባል ካልሰማሁ ብዬ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስልካቸውን ከፍተው ደረት ኪሳቸው ውስጥ እንዲይዙልኝ ለመንኳቸው። አማቴ እንደ ወጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ልጃችን ገና ናት፤ ዘመድ አዝማድ እናማክርና በሁለት ሳምንት ብትመለሱ...» ማለት ጀመሩ። ይህ የአባት ወግ እንደሆነ፣ በሁለተኛው ቀጠሮ እሺ እንደሚባል ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። አፌ ግን አያውቅም። ከሽማግሌው ኪስ ውስጥ «ኧረ አባባ፣ ሁለት ሳምንት ምን ሊሠራ! ትኬቱ ይወደዳል እኮ!» የሚል ድምፅ ወጣ።

ሽማግሌው ደረታቸውን በመዳፋቸው ከደኑ አሉ፤ ግን ረፍዷል። አማቴ የሽማግሌውን ኪስ ብዙ ጊዜ ወስደው ተመለከቱት አሉ። ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት ወደ ሁለት ወር ተዛወረ።

ከዚያ ወዲህ አማቴ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «የሰናይት ባል» ነው የሚሉኝ። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ እንኳ «የሰናይት ባል ጨውን ያቀብለኝ» ይላሉ። እኔም አቀብላለሁ። ጨው እያቀበልኩ አሥራ አራት ዓመት ኖርኩ ማለት ነው።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ባለፈው ሐምሌ ለአራት ወር ሊጠይቁን ሰፈራችን ኬንቲሽ ታውን የመጡት።

በመጡ በሳምንቱ ቤታችን ገጠር ሆነ። ጓሯችን ሦስት አልጋ ቢዘረጋበት ለአራተኛው ቦታ የለውም፤ እሳቸው ግን «ማሳው» ነው የሚሉት። ማለዳ ተነሥተው ማሳውን ይዞራሉ። ለመዞር አሥራ አንድ እርምጃ ስለሚበቃ ሦስት ጊዜ ይዞራሉ። ጎመን ተከሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ተከሉ። የሰናይትን ጽጌረዳ «ይህ እሾህ ምን ያደርጋል?» ብለው እስከ ጉልበቷ ቆረጧት። ከዚያ የቀረውን ቀን ሹራብ ይሠራሉ።

ወንድ ልጅ ሹራብ ሲሠራ የሚገርመው ሰው ካለ፣ በደርግ ጊዜ የታሰረ ዘመድ የለውም ማለት ነው። አማቴ ሦስት ዓመት እስር ቤት ሲቀመጡ ነው የተማሩት። መርፌዎቹ ያኔ ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ስለው የሠሯቸው ናቸው፤ ዛሬም አልቀየሯቸውም። ለሥራው አንድ መነጽር አላቸው፣ ከዓይናቸው አይወርድም። የቅርብ መነጽር ስለሆነ ከክንድ ያለፈ ነገር ሁሉ ለእሳቸው ጉም ነው። ሰናይት ስንት ጊዜ «አባዬ፣ የሩቅ መነጽር እናሠራልህ» ብላቸዋለች። «የሩቁን አይቼ ምን ላደርገው?» ይላሉ።

ለሰናይት ሰማያዊ ሹራብ ሠሩ። ለልጃችን ለሊያ በግ ያለበት ቀይ ሠሩ። ለጎረቤታችን ለፓም የሻይ ማንቆርቆሪያዋን የሚያለብስ ቆብ ሠሩ። ፓም ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው እኔ አንቺ ማለት ለምዶብኛል፤ አማቴ ግን «እትዬ ፓም» ነው የሚሏት። ሁለቱ በአጥር ላይ ለግማሽ ሰዓት፣ እሳቸው በአማርኛ እሷ በእንግሊዝኛ፣ ተራ እየጠበቁ ያወራሉ። ማንም ማንንም አያቋርጥም። ይህን የሚያደርጉት እኔን ለማናደድ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ለሙቅ ውሃው ቧንቧ ሹራብ ሠሩለት። ለሊያ አሻንጉሊትም ሠሩላት። በነሐሴ ማለቂያ ከቤቱ ውስጥ ሹራብ የሌለን እኔና ፍሪጁ ብቻ ነበርን።

አትሳቁ። የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ሹራብ አልተሠራልኝም ብሎ ማኩረፉ እንደማያምር አውቃለሁ። ግን አኩርፌያለሁ። ቧንቧውን ባየሁ ቁጥር ነበር የምናደደው።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ በእግር የሚደረስበት ትንሽ የከተማ እርሻ ወሰድኳቸው። በጎች፣ ፍየሎችና አንድ የተሰላቸ አህያ አሉበት። አማቴ በጎቹን ሲያዩ ፊታቸው በራ። አጥሩን ተጠግተው፣ መነጽራቸውን የአንዲት በግ ጀርባ ላይ ሊያስነኩ ትንሽ ሲቀራቸው፣ ጸጉሯን በጣታቸው ፈትገው «ይቺ ሁለት ጊዜ ወልዳለች» አሉ። ሠራተኛዋ እባክዎን አይንኩ ብላ ልትቆጣ መጥታ ነበር፤ የተባለውን ስተረጉምላት «እውነት ነው፣ እንዴት አወቁ?» ብላ አጠገባቸው ቀረች።

በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አማቴ መርፌዎቻቸውን አወጡ። ጥቂት ረድፍ ሠሩና ቀና ሳይሉ፣

«የሰናይት ባል» አሉ።

«አቤት አባባ።»

«አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ያኔ፣ ሽማግሌ የላክህ ጊዜ፣ እኔ በሆዴ...»

«አባባ፣ ያን ነገር ይተዉት!» አልኩ። «ልጅነት ነው! ደግሞ እኮ ትኬቱ በእውነት ተወዶ ነበር...»

ከዚያ ስለ ትኬት ተናገርኩ። ከትኬት ወደ አየር ማረፊያ፣ ከአየር ማረፊያ ወደ አውሮፕላን ምግብ፣ ከምግቡ ወደ በግ ሥጋ አለፍኩና አጠገባችን ስላሉት በጎች ዝርያ አስረዳኋቸው። ስለ በግ ዝርያ የማውቀው ነገር የለም። አጥሩ ላይ የተለጠፈውን ነው እያነበብኩ የነገርኳቸው። ስጨርስ አማቴ አንድ ሙሉ ጀርባ ሠርተዋል።

«ምን ሊሉኝ ነበር አባባ?»

«በቃ ተወው» አሉ።

በጥቅምትም እንደዚሁ ሆነ። ከሰፈራችን በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥተን ከተማውን ቁልቁል እያየን፣ ማለት እኔ እያየሁ እሳቸው ጉሙን እያዩ፣ «አየህ፣ የሰናይት ባል፣ እኔ የራሴ አባት...» ብለው ሲጀምሩ፣ እኔ ክላፋም የሚባለው ሰፈር በየት በኩል እንደሆነ ላሳያቸው እጄን ዘረጋሁ። ለምን ክላፋም? እንጃ። ክላፋም ዘመድ የለንም።

ማታ ሰናይት ወጥ ቤት ይዛኝ ገባችና በሩን ዘጋች። «አባዬ አንድ ነገር ሊነግርህ ይፈልጋል። ለእኔም አልነገረኝም፤ ለእሱ ነው የምናገረው ብሎኛል። በሦስት ሳምንት ይሄዳል። አፍህን ዝጋ!»

«እዘጋለሁ» አልኩ፣ «ዝጋ» ሳትል በፊት።

በዚያው ሰሞን አማቴ አዲስ ሥራ ጀመሩ። ግራጫ፣ ወፍራም ክር። ሊያ እየሰለለች መጥታ «ዳድ፣ ኢትስ ሂዩጅ። አይ ቲንክ ያንተ ነው» አለችኝ። እኔም አየሁ፤ አማቴ አንዴ ሥራውን አንዴ ሆዴን እያዩ በረጅሙ ይተነፍሱ ነበር። ያን ቀን ለቧንቧው ይቅርታ አደረግሁለት።

እንግዲህ ደስ ሲለኝ ሐሳብ ይመጣልኛል። ጾም ሳይገባና አማቴ ሳይሄዱ፣ በገዛ እጄ የሠራሁትን ቋንጣ ፍርፍር ላብላቸው አልኩ። ሥጋውን ዘለዘልኩ፣ በጨውና በበርበሬ አሸሁት። ቤት ውስጥ መስቀል ክልክል ነው፤ ባለፈው ኮሪደሩ ላይ ሰቅዬ፣ የጋዝ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው ግንባሩን ቋንጣ መታውና ሳያነብ ሄደ። ስለዚህ ጓሮ አወጣሁት። በለንደን ኅዳር ሊገባ ሲል ሥጋ ውጭ ይደርቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ማን ነው ብትሉ፣ እኔ ነኝ።

የልብስ ገመዱ ልብስ ነበረበት። ሌላ ገመድ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ከሶፋው ጎን ዘንቢል ውስጥ ወፍራም ክር አየሁና አንዱን ጥቅል አንሥቼ ከአጥር እስከ አጥር ደርቤ ወጠርኩት። ቋንጣው በትከሻዬ ከፍታ ተሰልፎ ሲታይ ያምር ነበር።

ሱፍ እንደሚለጠጥ አላውቅም ነበር። ሐሙስ ትከሻዬ ጋ የነበረው ቋንጣ ዓርብ ወገቤ ጋ ወረደ። ቅዳሜ ጠዋት ስወጣ ቀበሮ አፍ ላይ ደርሷል። ይህን ያወቅሁት ቀበሮውም ስለደረሰበት ነው። ግማሹ ሥጋ የለም። ክሩ ተበጥሶ፣ በጎመኑ መሐል አልፎ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ፓም ጓሮ ገብቷል።

ክሩን ተከትዬ አጥሩ ላይ ወጣሁ። አጥሩ ሱሪዬን ያዘኝ። አንድ እግሬ በእኛ ጎመን፣ አንድ እግሬ በፓም አበባ ላይ እንደተንጠለጠለ ፓም ኩባያዋን ይዛ ወጣች።

«እንደምን አደርክ?» አለችኝ፣ በየጠዋቱ አጥር ላይ የሚያድር ጎረቤት ያላት ይመስል። «ጄራልድን ምን አብልታችሁት ነው?»

ጄራልድ ቀበሮው ነው። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት፤ ከዕቃ ማስቀመጫ ጎጆዋ ሥር ነው የሚኖረው። ወዲያው እሱም ብቅ አለ። አፉ ላይ ቋንጣ፣ አንገቱ ላይ ክር፣ ምላሱ ውጭ። በርበሬው ደርሶበታል። ሮጦ ሄዶ ፓም ለወፎች ውሃ የምታኖርበት ሳህን ውስጥ ፊቱን እስከ ጆሮው ነከረ።

«መርዛችሁታል!» አለች ፓም።

«በርበሬ ነው! በርበሬ ማንንም ገድሎ አያ...»

ጄራልድ ቀና አለ፣ ፊቱን አራገፈ፣ ወደ ጣላት ቋንጣ ተመልሶ በላት። ከዚያ እንደገና ውሃ። ከዚያ እንደገና ቋንጣ። ሁለታችንም አየነው። አማቶቼ ዘንድ በሠርግ ዕለት እንዲህ የሚበላ አጎት አለ።

ወደ ቤት ስገባ አማቴ ዘንቢላቸውን እየበረበሩ ነበር። «የሰናይት ባል፣ አንድ ግራጫ ክር አላየም? የመጨረሻው ነው። ሱቁም ሌላ የለውም ብሎኛል።»

ከሶፋው ሥር የምፈልግ መስዬ ጎንበስ አልኩ። ሊያ ጆሮዬ ሥር መጥታ «ዳድ፣ ዛት ዋዝ ዩር ስሊቭ» አለችኝ። ገባኝ። አሥራ አራት ዓመት የጠበቅሁትን ሹራብ፣ እጅጌውን፣ በርበሬ ቀብቼ ለጄራልድ አብልቼዋለሁ።

እሺ፣ እጅጌው ሄደ። ቢያንስ የቀረውን ቋንጣ ላድን አልኩ። ገበሬ እህሉን ከወፍና ከጦጣ የሚጠብቀው እንዴት ነው? ማስፈራሪያ ያቆማል። እኔ የተወለድኩት አዲስ አበባ፣ አውቶቡስ ተራ ጀርባ ነው፤ ጠብቄ የማውቀው ነገር ቢኖር የሰልፍ ቦታ ብቻ ነው። ግን ለሊያ እንደ ገበሬ ልጅ ሆኜ አስረዳኋት።

«ዳድ፣ የለንደን ቀበሮ ሰው አይፈራም። ባስ ስቶፕ ላይ ከሰው ጋር ነው የሚቆመው።»

«ይኼን ይፈራል» አልኩ።

አማቴ ፎቅ ላይ ጋደም ብለዋል፣ ሰናይት ሥራ ናት። መጥረጊያውን መሬት ውስጥ ተከልን። የመወልወያውን እንጨት አግድም አሰርንና ትከሻ ሆነ። ከላዩ ላይ የሂትሮው ጃኬቴን አለበስነው፤ ያ ከሩቅ የሚያንጸባርቀውን ቢጫ ጃኬት። ቆቤን ደፋንበት፣ አሮጌ ሱሪዬን አጠለቅንለት። ለሆዱ ሊያ ትልቁን ትራስ ይዛ መጣች። እኔ ትንሹን መረጥኩ። «ኢት ኢዝ ኖት ሪያሊስቲክ» አለችኝ፤ ችላ አልኳት። ማስፈራሪያው ትከሻው የሰፋ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ቀጥ ያለ ሸበላ ሆኖ ከቋንጣው ፊት ቆመ። ትንሽ ኮራሁ። ከዚያ ሊያን ወደ ዋና ትምህርቷ ይዣት ሄድኩ።

ስንመለስ ጨልሟል፣ ዝናብና ነፋስም አለ። ገና በሩን ስከፍት አማቴ ኮሪደሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ከዚያ ሁሉ ብርድ በኋላ፣ ሳታርፍ፣ ልጅቱን ልታመጣ ሄድክ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ» አልኩ። የሄድኩት በአውቶቡስ ነው፣ ማሞቂያ አለው። ግን ክርክር አያስፈልግም ብዬ ተውኩት።

እጄን ይዘው ወጥ ቤት አስገቡኝ። አስቀመጡኝ። ከዚያ፣ እናንተ ሆዬ፣ ማንቆርቆሪያ አንሥተው ራሳቸው አስታጠቡኝ! አማት አማቹን! ብድግ ብል ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ። ምግብ ቀረበ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ። ሁለተኛውንም ለእኔ። ሰናይት ከሥራ ገብታ ይህን አይታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች። «ምን አደረግክ?» አለችኝ በከንፈሯ። ምንም አልኩ በቅንድቤ። ታመው ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ትከሻህ እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር» አሉ አማቴ። «ደግሞ ከስተሃል።»

ሊያ ሳቅ አፈናትና ወጣች።

«ያልኩህ ነገር በእኔና በአንተ መሐል ይቅር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለሰናይትም ቢሆን አትንገራት።»

«ምን ብዬ እነግራታለሁ አባባ!» አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ ሶፋቸው ላይ ሄደው ግራጫውን ሹራብ አንሥተው፣ ዳር ደርሶ የነበረውን፣ ተረተሩት። ሙሉውን። «ልኩ ስህተት ነበር» አሉና እንደ አዲስ ጀመሩ። እኔ ጓሮ ወጥቼ፣ ነፋስ ጥሎት ጎመኑ መሐል የተጋደመውን ማስፈራሪያ አንሥቼ ደረጃው ሥር ከተትኩት። የቀረው ቋንጣም አልነበረም።

እሁድ ጠዋት ፓም በሩን አንኳኳች። ግራጫውን ክር ከጎጆዋ ሥር ጎትታ፣ አጥባ፣ ጠቅልላ አምጥታዋለች። ጄራልድ እዚህም እዚያም አኝኮታል፣ የበርበሬውም ሽታ አልለቀቀውም፤ ግን ክር ነው። ልታቀብለኝ እጇን ዘረጋችና መለስ አደረገችው።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ትናንት ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ፣ አማትህ ከማስፈራሪያው ጋር ሲነጋገሩ አየሁ። የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ ሃያ ደቂቃ ይሆናል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነበር። መጨረሻ ላይ እንባቸውን ጠረጉ። የአገራችሁ ልማድ ነው?»

«አዎ» አልኩ።

በሩን ዘግቼ፣ ክሩን ወደ ዘንቢሉ መልሼ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጃኬቱ፣ ጉሙ፣ መነጽሩ፣ ሁሉም ተገጣጠመልኝ። አማቴ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው፣ በሩን ከፍተው፣ ቢጫውን ጃኬት አዩ። ለእሳቸው ስል ብርድ ላይ ቆሜ ቋንጣ የምጠብቅ መሰላቸው። ሆዳቸው ባባና ያን ነገር ነገሩት። አሥራ አራት ዓመት በሆዳቸው የነበረው ተነገረ፤ እኔ ግን ዋና ገንዳ ዳር ቁጭ ብዬ ቺፕስ እበላ ነበር። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ማልቀስ አማረኝ። በእውነት አዘንኩ።

ቀጥሎ ያለውን ሳምንት ነገሩን ላወጣጣ ስሞክር ከረምኩ።

«አባባ፣ ያን ቀን ያሉኝን ሳስበው ሳስበው...» አልኩ ማክሰኞ።

«እህ?»

«በተለይ ያ... መካከል ላይ ያሉት ነው የነካኝ።»

መርፌያቸውን አቆሙ። «ስለ በቅሎዋ?»

«አዎ አባባ። ስለ በቅሎዋ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷን ለሰው ተናግሬ አላውቅም» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በቅሎ! እኔንና እሳቸውን፣ ሽማግሌውንና ኪሱን፣ ከበቅሎ ጋር ምን አገናኘን? ረቡዕ «እስቲ ደግመው ይንገሩኝ» ብላቸው «እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ነው የሚነገር» አሉኝ። ሰናይትን በዘወርዋራ ብጠይቃት «እኛ ቤት በቅሎ ኖሮ አያውቅም» አለች። የማስፈራሪያውን ነገር የምታውቀው ሊያ ብቻ ናት። «ዳድ፣ ጀስት ቴል ሂም» አለችኝ። ልክ ናት። ሂትሮው ላይ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰናይትና ሊያ ሻንጣውን ሊያስመዝኑ ሲሰለፉ እኔና አማቴ ብቻችንን ቀረን። ከጉያቸው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡና ሰጡኝ። ለስላሳ ነው። ትንሽ በርበሬ በርበሬ ይላል።

«ቤትህ ስትደርስ ልበሰው» አሉ።

አሁን ነው አልኩ። «አባባ፣ ያን ቀን እኮ ጓሮ ውስጥ የነበረው...»

ጣታቸውን አነሡ። «አንዴ። አሁን ደግሞ ልናገር። አሥራ አራት ዓመት ላናግርህ ፈልጌ ያልቻልኩት ስለማታስጨርሰኝ ነበር። ይህ ሰው ጆሮ የለውም ብዬ ደምድሜ ነበር። ያን ቀን ግን ስነግርህ እስከ መጨረሻው ሰማኸኝ። አንዴም አላቋረጥከኝም። እኔ እንዳልቅስ ብለህ ፊትህን እንኳ ወደኔ አላዞርክም። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከወንድሞቼም አላየሁም።»

አፌ ተከፍቷል። «እሱ መጥረጊያ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሦስት ቃል ነው። ያን ፊታቸውን አየሁት። ካልኩት ደግሜ አቋረጥኳቸው ማለት ነው። ለአራተኛ ጊዜ፣ በዚያው ጉዳይ።

አፌን ዘጋሁ። ያመኛል ብዬ ነበር፤ አላመመኝም።

«ይኸው!» አሉ እየሳቁ። «አሁንም አስጨረስከኝ።» ከዚያ በስሜ ጠሩኝ። አሥራ አራት ዓመት የት አስቀምጠውት እንደነበር እንጃ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል በስሜ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ደህና ሁን» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። ፍተሻውን አልፈው እስኪሄዱ ድረስ አንድ ቃል አልወጣኝም። ሰናይት አባቷን እስከ ፍተሻው በር ሸኝታ ስትመለስ ግንባሬን በእጇ ነካችው፣ ትኩሳት እንደሆነ ብላ።

ቤት ገብቼ ሹራቡን ለበስኩ። ማለት ሞከርኩ። ትከሻው ከክንዴ ግማሽ ድረስ ወርዷል። እጅጌዎቹ ከጣቶቼ አልፈው ይንጠለጠላሉ። ሆዱ ጋ ደግሞ ሲደርስ ቆመ። እኔ ሳብኩ፣ ሰናይት ሳበች፤ እንቢ አለ። ከመስታወቱ ፊት እጆቼን ወደ ጎን ዘርግቼ ቆምኩ፤ እንደዚያ ስሆን ብቻ ነው የሚሻለው።

ሊያ ምንም ሳትናገር ደረጃው ሥር ገባች። መጥረጊያውን ከነመወልወያው ጎትታ አወጣችና አለበሰችው። አንድም ቦታ አልጨማደደም። የትም አልሰፋ፣ የትም አልጠበበ። እንዲህ ልክክ ያለ ልብስ ሰው ላይ አይቼ አላውቅም። አማቴ ልክ መውሰድ ያውቃሉ።

አሁን ማስፈራሪያው ጓሮ ነው የሚቆመው። ጄራልድ እጅጌው የበርበሬ ሽታ ስላለው በየቀኑ ይመጣና እግሩ ሥር ይቀመጣል። ባለፈው እሁድ ከሰዓት ወንበር ይዤ ወጣሁና ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ምን አሉህ?» አልኩት መጥረጊያውን።

ዝም።

«ቢያንስ ስለ በቅሎዋ?»

ዝም አለኝ። ጄራልድም ዝም አለ። እንግዲህ ዝምታ ሲሆን እኔ መሙላት ልማዴ ነው፤ ማውራት ጀመርኩ። ስለዚያ ስልክ ነገርኩት። በወቅቱ እንደዚያ የጮህኩት ትኬቱ ተወዶ ሳይሆን እንቢ የሚሉኝ መስሎኝ ደንግጬ እንደነበር ነገርኩት። ቧንቧው ላይ መቅናቴን ነገርኩት። እኚያን ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወዳቸው፣ ለሰናይት እንኳ ብዬው የማላውቀውን፣ ነገርኩት። ሃያ ደቂቃ ይሆናል። አንድም ጊዜ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ዓይኔን ጠረግሁና ወንበሬን አነሣሁ።

አማቴን አልወቅሳቸውም። እኔም ብሆን የምነግረው ለእሱ ነው።